ሚዳቋዋና የሻረው የእሾህ አጥር

ተረት ተረት!

የምን «የላም በረት»! ዛሬ በረት የለም፤ ዛሬ ሜዳ ነው። «የሜዳው ምሬት» በሉ። እንደገና። ተረት ተረት!

እንዲያ ነው።

ሐምዛ፣ ከኋላህ ያለው ምንድን ነው?

ምንም የለም! ግን ዞርክ አይደል? ልብህም ደለቀ። ተወው ይደልቅ። ይሄ ተረት የሚሰማው ልብ እየደለቀ ነው።

ድሮ ድሮ፣ የቅድመ አያቶቻችን ቅድመ አያቶች ሳይወለዱ፣ ከተራራው ግርጌ፣ ቆላው ላይ፣ ቡርቃ የሚባል ሜዳ ነበር። ሣሩ እስከ ጉልበት። የግራሩ ጥላ እንደ ሠርግ ዳስ። መሃል ላይ አንዲት ምንጭ። በዚያ ሁሉ ሐሩር ሌላ ውሃ የለም፤ እሷው ብቻ።

ሰውና የዱር እንስሳ ስምምነት ነበራቸው። ጠዋትና ማታ ከብት ይጠጣል። ቀትር ላይ፣ ጥላ እግር ሥር ሲገባ፣ ሰው ከምንጩ ዘወር ይላል፤ የዱሩ ይጠጣል። ማን ደነገገው? ማንም አያውቅም። ግን ቀትር ላይ ምንጭ የወረደ ሰው ከተገኘ ሰባት ዘሩ ይሰደብ ነበር።

ከዱሩ ሁሉ ሚዳቋ ይበዛ ነበር። መንጋው ሲሮጥ ሜዳው ራሱ የሚሮጥ ይመስላል። ሚዳቋ ጥርስ የላት፣ ጥፍር የላት። ያላት ዓይንና እግር ነው። ከሩቅ ታያለች፣ ትሮጣለች፣ በቃ። ሜዳ ካጣች ግን ዓይኑም እግሩም ምን ያደርግላታል? ምንም።

ሜዳው ዳር ላይ ደግሞ ገደል አለ። ገደሉ ውስጥ ማን አለ?

አያ ጅቦ! ጎበዝ ሐምዛ። የዘመድህን ስም መቼ ትረሳለህ።

ታዲያ በዚያ አገር ሻረው የሚባል ሰው ነበር። ክንዱ እንደ ዘነዘና። መጥረቢያው ከትከሻው አይወርድም። ማሽላው ብዙ፣ ፍየሉ ብዙ። ዓይኑ ግን ጾሙን ያደረ ነው፤ አይጠግብም።

አንድ ዓመት ሻረው ተነሳና ግራር ቆረጠ። እሾሁን ጎተተ። ሣሩን አጠረ። በቆላ አጥር ሲታጠር ታውቃላችሁ፤ ግንዱ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ነው። በሩም አንድ ትልቅ የግራር ራስ ነው። ከውስጥ ሆነው ግንዱን ይዘው ሲጎትቱት ክፍተቱን ይደፍነዋል።

አንዲት እናት ሚዳቋ መጣች። አጥሩ ፊት ቆመች።

«አያ ሻረው፣ እዚህ እኮ እኛ እንግጥ ነበር።»

«ሜዳው ሰፊ ነው፤ ፈቀቅ በይ» አላት።

ፈቀቅ አለች። መንጋውም ፈቀቅ አለ። ወደ ገደሉ ቀረብ አሉ። ከገደሉ ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ። ህህህ... ህህህ...

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ አያ ጅቦ። «ጎረቤት ልንሆን ነው።»

በሁለተኛው ዓመት ሻረው ግራሩን ሁሉ ጨፈጨፈ። ከምሮ፣ አፈር አልብሶ፣ ከሰል አከሰለው። ጭሱ ሜዳው ላይ ተኛ። ፀሐይዋ ጭሱ ውስጥ እንደ በሬ ዓይን ቀላች። ግልገሎቹ እናታቸውን አጡ፤ እናቶቹ ሲጣሩ ማን የማንን ድምፅ ይለይ? ጭሱ ሲነሳ ጥላ የሚባል የለም፤ ጉቶ ብቻ። ጉቶውንም አጠረው። ማሽላ ልዘራበት ነው አለ።

ሚዳቋዋ መጣች።

«አያ ሻረው፣ ጥላችን ነበር እኮ።»

«ሜዳው ሰፊ ነው፤ ፈቀቅ በይ።»

ፈቀቅ አለች። አሁን መንጋው ሳስቷል። ግማሹ ተራራውን ተሻግሮ ሄደ፤ ግማሹን ሐሩር ፈጀው። የቀሩት ገደሉ አፍ ላይ ቆሙ። ሁለት ዓይኖች ከሥር ያያሉ። አይርገበገቡም።

«ጎረቤት ሆንን» አለ አያ ጅቦ።

የሰፈሩ ሰውስ? ትሉኝ ይሆናል። የሰፈሩ ሰው ዝም አለ። ክንዱን ፈሩት። ደግሞም ከሰሉ በየጓዳቸው ገብቶ ነበር። ከሰል የበላ አፍ ምን ብሎ ይናገራል?

በሦስተኛው ዓመት ሻረው በተረፈው እሾህ ምንጩን አጠረ።

ለከብት ጠዋት ማታ በሩን ይከፍታል። ቀትር ላይ ይጎትተውና ይደፍነዋል። ራሱ ውስጥ ቁጭ ይላል፤ መጥረቢያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

መንጋው ውስጥ አንድ ትልቅ ወንድ ነበር፤ ቀንዱ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ደረቱ ሰፊ። «እኔ እዘላለሁ» አለ።

«ተው» አለችው እናት ሚዳቋ።

«ጉልበት ያለው ለምኖ አይጠጣም» አለ። ከሩቅ ተንደርድሮ መጣ። ዘለለ። ሆዱ አጥሩ ላይ ቀረ። እሾሁ ያዘው። ሲወራጭ ይበልጥ ያዘው። ሻረው ቀስ ብሎ ተነሳ። ሚዳቋዋ ፊቷን አዞረች፤ ድምፁን ግን ሰማች። ከዚያ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ያን ቀን የቀሩት ሚዳቋዎች ተበተኑ። እናቲቱ ብቻ ቀረች። ለምን ቀረች? ልጅ ነበራታ! የአምስት ቀን ግልገል። እግሩ ገና እንደ ሸምበቆ ይርገበገባል፤ ተራራ አይሻገርም። እሷ ውሃ ካልጠጣች ጡቷ ይደርቃል። ጡቷ ከደረቀ ልጁ ይሞታል። ነገሩ ይሄው ነው።

ሄዳ ለመነች።

«አያ ሻረው፣ ለእኔ አይደለም። ለአንድ ጉንጭ ወተት ነው።»

ሻረው ምን አለ?

«ሜዳው ሰፊ ነው፤ ፈቀቅ በይ።»

ፈቀቅ ልትል ዞር አለች። ከኋላዋ ሜዳ አልነበረም። ገደል ነበር። ከገደሉ ጫፍ አንድ ትልቅ ራስ ብቅ አለ። ለሃጩ ጠብ ሲል ግልገሉ ጀርባ ላይ አረፈ።

«ጎረቤት፣» አለ አያ ጅቦ፣ «እኔ አልቸኩልም። ከሦስት ቀን በኋላ መቆም ያቅተዋል። ያን ጊዜ መሮጥ ሳያስፈልገኝ እመጣለሁ።»

ሦስት ቀን። ሚዳቋዋ ልጇን ከአንድ ኩይሳ ሥር ደበቀችው። «እንዳትነቃነቅ» አለችው። ራሷ ከኩይሳው ጀርባ ሆና ሻረውን ታየዋለች። ምን ታድርግ? ጉልበት እንደማያዋጣ አይታለች። ልመና እንደማያዋጣም ሰምታለች።

በዚህ መሃል ከሻረው ኋላ አንዲት ቆቅ ከሣሩ ቡር! ብላ ተነሳች።

ሻረው ምን ሆነ መሰላችሁ! «ወይኔ እናቴን!» ብሎ መጥረቢያውን ወረወረና በደረቱ ተኛ። ያ ክንደ ዘነዘና! ከቆቅ ተደብቆ!

ሚዳቋዋ እዚያው ቆማ አሰበች። «እኔ የምፈራው ስለሌለኝ ነው። እሱ የሚፈራው ግን ስላለው ነው። ያለውን ያህል ይፈራል ማለት ነው።»

በማግስቱ ቀትር ላይ እየሮጠች መጣች። አጥሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ታለከልካለች። ወደ ኋላዋ ታያለች።

«ዛሬም መጣሽ?» አለ ሻረው። «ነግሬሻለሁ፣ ሜዳው...»

«ለውሃ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። የቤትህ አጥር ስንት ድርብ ነው?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?» አለች። «ውይ፣ አያ ሻረው!» ደግሞ ወደ ኋላዋ አየች።

ሻረውም አየ። ነጭ ቀትር ነው። ምንም አይንቀሳቀስም።

«ምን አለ?»

«ምንም። ልሂድ።»

«ቆይ አንቺ! ምን አይተሽ ነው?»

«የሚመጣ ነገር» አለች። «ዛፍ ይበላል። ባለፈበት ጥላ የለም።»

ይሄን ብላ ሄደች።

ሻረው ምሳውን ትቶ ተነሳ። ቤቱን ዞረ። አጥሩን ነቀነቀ። ሳሳበት። እሾህ ልጨምር ብሎ መጥረቢያውን አነሳ። የት ይሂድ? ግራር የለም። እሱው ጨርሶታል። እስከ ዓይን ጥግ ጉቶ ብቻ። ቆመ፣ ቆመና፣ መንሹን ይዞ ወደ መጀመሪያው አጥር ሄደ። የሣሩን አጥር ነቅሎ፣ እየጎተተ፣ ቤቱ ዙሪያ ደረደረው።

አጥሩ ሁለት ድርብ ሆነ። ሣሩ ተከፈተ። ሚዳቋዋ ገብታ ጋጠች። ሣሩ ውስጥ ጥቂት ጤዛ ስለነበር ልጇ አንድ ጉንጭ ወተት አገኘ።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ መጣች። ዛሬ አልሮጠችም። በቀስታ ነው የመጣችው፤ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተቀስረዋል። ቀስ ብሎ መምጣት ከሩጫ ይበልጥ ያስፈራል። ካላመናችሁኝ አንድ ቀን ከበሩ ጀርባ ቀስ ብዬ እመጣባችኋለሁ።

«አያ ሻረው፣» አለች በሹክሹክታ፣ «ስንት ድርብ ነው?»

«ሁለት! ሁለት አድርጌዋለሁ።» ድምፁ ቀጥኗል። «ቀረበ እንዴ?»

«ትናንት ከነበረው ቀርቧል።»

«አንበሳ ነው?»

«አንበሳ ሲጠግብ ይተኛል። እሱ አይጠግብም። ውሃ ካየ ይዘጋዋል። ሲጠጣም ሳይጠጣም ይዘጋዋል።»

«አላህ ያውጣን!» አለ ሻረው። ሣር ኮሽ አለ። ሁለቱም ዘለሉ። እሷ የዘለለችው እውነቷን ነው፤ አያ ጅቦ ከገደሉ ወጥቶ፣ በሆዱ እየተሳበ፣ ወደ ኩይሳው እየቀረበ ነበር።

ሻረው ሮጠ። የጉቶውን አጥር ነቀለ። እጁ ደማ፤ ግድ አልሰጠውም። ጎተተ፣ ከመረ። ሦስት ድርብ ሆነ። ሚዳቋዋም ሮጣ ልጇን አስነሳችው፤ በተከፈተው መሬት እየመራች ከአንድ ሰፊ ጉቶ ሥር አስተኛችው። አያ ጅቦ ኩይሳው ጋ ሲደርስ ባዶ ሆኖ አገኘው። ሳቀ። ሳቁ ደስ አይልም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጡቷ ደረቀ። ጤዛም የለ፣ ምንም የለ። ግልገሉ ሊቆም ሞከረ፤ ወደቀ። እንደገና ሞከረ፤ ወደቀ። ከሩቅ አያ ጅቦ ቁጭ ብሏል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ አደባባይ ላይ፣ እንደ ተጋበዘ እንግዳ።

ሚዳቋዋ ልጇን ትታ ሄደች። ልጅን ትቶ መሄድ ምን እንደሚመስል እናታችሁን ጠይቁ።

ሻረው በምንጩ አጥር ውስጥ ቁጭ ብሏል። ዓይኑ ቀልቷል። ገና ሲያያት ተነሳ።

«የት ደረሰ?»

«አያ ሻረው፣ ዛሬ ልሰናበትህ ነው የመጣሁት።»

«የት ደረሰ ነው የምልሽ!»

«እዚህ ነው ያለው።»

ሻረው ዙሪያውን አየ። ሜዳው ባዶ ነው። ነፋስ እንኳ የለም።

«አይታየኝም! ምን ይመስላል? አራት እግር ነው?»

«ሁለት እግር ነው» አለች። «በሁለት እግሩ ይሄዳል። ደም የነካው ብረት ይይዛል። ሲለምኑት የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው።»

ከዚህ በላይ አልሰማም! መንሹን አነሳ። የምንጩን አጥር ከሥሩ ነቀለ። ጠቅላላውን። እየወደቀ፣ እየተነሳ፣ እየጮኸ ወደ ቤቱ ጎተተው። አራት ድርብ አደረገው። ገባና የመጨረሻውን የግራር ራስ ከውስጥ ሆኖ ጎተተው። በጣም ጎተተው። እሾህ ከእሾህ ተያያዘ። ድፍን!

ምንጩ እርቃኑን ቀረ።

ሚዳቋዋ ወደ ውሃው አልሮጠችም። መጀመሪያ ወደ ልጇ ሮጠች። አያ ጅቦ ተነስቶ ነበር። እሱ ከዚያ፣ እሷ ከዚህ። አሁን ግን በመሃል ያለው ሜዳ ነው፤ አጥር የለም። በሜዳ ደግሞ ሚዳቋን ማን ይቀድማታል? ቀደመችው። ልጇን በአፍንጫዋ ገፋችው። ቆመ። ወደቀ። ገፋችው። ቆመ። ምንጩ ጋ ሲደርሱ የጅቡ ትንፋሽ ተረከዟ ላይ ነበር። ልጇን ውሃው ዳር ትታ፣ ጅቡ አፍንጫ ሥር ዘወር ብላ ወደ ሰፊው ሜዳ እየሮጠች አሳደደችው፤ ማለቴ አስከተለችው። አዞረችው፣ አዞረችው፣ ምላሱ መሬት እስኪጠርግ አዞረችውና ገደሉ ጫፍ ላይ በአንድ እግሯ ተጠማዘዘች። እሱ መጠማዘዝ አልቻለም።

ኮረኮንቹ እስከ ታች ድረስ ሲንከባለል ተሰማ። ከዚያ ዝም።

ተመልሳ ጠጣች። ልጇም እሷን አይቶ ጠጣ።

ሻረውስ? ሻረው በአራት ድርብ እሾህ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያንን ነገር ይጠብቃል። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። የእንስራው ውሃ አለቀ። የፍየሎቹ ጡት ደረቀ። ልውጣ ብሎ በሩን ገፋው። የቆላ እሾህ ሲጎትቱት ይገባል፤ ሲገፉት አይወጣም። በሦስተኛው ቀን ፍየሎቹ ሲጮሁ የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ሼህ አራጋው መጡ፤ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው። እማ ሰዓዳም መጡ፤ ስንት ሰው ያዋለዱ፣ ሻረውንም ያዋለዱ አሮጊት።

«ሻረው! ምን ነካህ?» አሉ ሼህ አራጋው በአጥሩ ላይ።

«ዝም በሉ! ይሰማችኋል!» አለ ከውስጥ። «ዛፍ ይበላል። ውሃ ይዘጋል። አይጠግብም። በሁለት እግሩ ይሄዳል። ደም የነካው ብረት ይይዛል!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድም ሰው አልሳቀ።

«እሱንማ እናውቀዋለን» አሉ እማ ሰዓዳ።

«ማነው? እማ ሰዓዳ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ማነው?»

አሮጊቷ ከምንጩ በገበቴ ውሃ አስቀዱ። በረጅም እንጨት ከእሾሁ ሥር ገፍተው አስገቡለት። ግማሹ ፈሰሰ።

«ሳትጠጣ በፊት ጎንበስ ብለህ እየው» አሉት።

ጎንበስ አለ። ውሃው ረጋ። አየው።

በውሃ ጥም የተቃጠለ ሰው ነው። ግን ብዙ ቆየ፤ አልጠጣም። ውጭ ያሉት ሰዎች ትንፋሹን ይሰሙታል። ከዚያ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰሙት።

«እሾሁን እናነሳልሃለን» አሉ ሼህ አራጋው። «አንተም ቀትርን መልስ።»

«እመልሳለሁ።»

«ማል!»

«ወላሂ ቀትርን መልሻለሁ! ሣሩንም፣ መንገዱንም!»

አንዱ ጎረምሳ «እሱ ያጠረውን እኛ ለምን እጃችን ይደማል?» አለ።

«ከሰሉን ስትሞቅ ጠይቀህ ነበር?» አሉት እማ ሰዓዳ። «ጎትት!»

ሁሉም ጎተተ። ሁሉም ደማ። እሾሁን ግን አላቃጠሉትም። በየጉቶው ዙሪያ አጠሩት፤ ግራር ካልተነካ ከጉቶው ያቆጠቁጣላ። ሻረው ዘበኛ ሆነ። የራሱን ፍየሎች ከለምለሙ ቀንበጥ ሲያባርር ይውላል። መጥረቢያውን ሼህ አራጋው ወሰዱት።

ሌሎቹ ሚዳቋዎችም የውሃው ሽታ ከተራራው ማዶ ጠርቷቸው፣ አንድ አንድ እያሉ ተመለሱ። ቀትር ላይ ምንጩ ጋ ይመጣሉ። ሻረው ከሩቅ ጉቶ ላይ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። አይነቃነቅም፤ ፈርቷል። እናት ሚዳቋም ልጇ እስኪጠጣ ዓይኗን ከእሱ ላይ አታነሳም፤ እሷም ፈርታለች። አንዳንድ ፍርሃት ቶሎ አይለቅም። ውሃው ግን ለሁሉም በቃ።

ለዚህ ነው አባቶቻችን፣

ሌላውን ያጠረ፣
ራሱን አሰረ

ያሉት።

በሉ፣ ተረቴን ውሰዱ፣ ከመንገድ ውረዱ!